የአፈሩ ዕድሜ

ሰምተዋት ይሆን?

አንጓች ገና ዓይኗን ሳትገልጥ የያዛት ጥያቄ ይኸው ነበር። ፊቷን ስትታጠብ አልለቀቃትም፤ ለአራሷ አጥሚት ስታማስልም አልለቀቃትም። ማንን ትጠይቅ? መልሱን የሚያውቁት ከአፈሩ ሥር ያሉት ጆሮዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ይሰማሉ እንጂ ለሰው አይመልሱም።

ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ውስጥ አንድ ለስላሳ ድምፅ ይመጣል። «እንደምን አደራችሁ ሰንበሌጥ ሜዳዎች፤ አፈራችሁ ደህና አድሯል» ይልና ስለ ዝናቡ ያወራል። ዛሬ «እንደምን አደራችሁ ሰንበሌጥ ሜዳዎች» ካለ በኋላ በቀጥታ ወደ ዝናቡ ገባ። ስለ አፈሩ ትንፍሽ አላለም።

«ሰማኸው?» አለች የልጅ ልጇን ባል ልየውን።

ልየው ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ የማሳ ጫማውን ያስራል። ጫማው እንደ ሰፌድ ሰፊ ነው፤ የሰው ክብደት አፈሩን እንዳይጫነው። «ምኑን እምዬ?»

«ስለ አፈሩ አልተናገረም እኮ!»

«እንቅልፍ ጥሎት ረስቶት ይሆናላ። እሱም ሰው ነው።»

«ሰው አይደለም።»

«ሰው ካልሆነ ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል?» ብሎ ሳቀ።

ልየው እንዲህ ነው፤ ሚስቱ ከተገላገለች ወዲህ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ሳይቀር ይቀልዳል። በዘር ወራት መርፌ የሚባለውን መኪና የሚነዳው እሱ ነው። በዚህ ሜዳ አፈር መክፈት የተፈቀደለት ያ መርፌ ብቻ ነው፤ ይወጋል፣ ፍሬዋን ይጥላል፣ ይነቀላል፤ ቁስሉ ወዲያው ይገጥማል። ከልየው የተሻለ መርፌ የሚነዳ የለም ይሉታል። እሱም ይህን ሲሉት ይወዳል፤ ሌላ የሚወደው ነገር ቢኖር ሚስቱና ልጁ ናቸው።

ከማሳ ወደ ማሳ የሚኬደው በሳንቃ ላይ ነው። ልጆች መራመድ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚማሩት ከሳንቃው አለመውረድን ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ «አፈር እንዴት አደረ?» ይባባላል፤ ልጅና ጤና ከዚያ በኋላ ይጠየቃሉ። አንጓች ልጅ ሳለች በቅድሚያ የሚጠየቀው ከብቱ ነበር። ዛሬ ከብት የለም፤ ኮቴው አፈሩን ያደድራል። ካሮትን ልጆች የሚያውቁት በሥዕል ነው፤ ይነቀላላ። ድንች ግን አለ፤ ገለባ ሥር ይበቅላል፣ ገለባውን ገለጥ አድርጎ ከዶሮ ጎጆ እንቁላል እንደ ማንሣት ነው። ለሞተ ሰው ጉድጓድ አይቆፈርም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ የኖረው የአንጓች ባል ከተማ ውስጥ በሲሚንቶ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል፤ ከፎቅ ላይ ነው፤ ልታለቅስለት ስትሄድ በአሳንሰር ትወጣለች።

ክፉ ነገር ቢሆን ኖሮ ረግማው ይወጣላት ነበር። ክፉ አይደለም። እሱ ነው የሚያንገበግባት።

ሙሽራ ሳለች ነው አንዲት የልማት ሠራተኛ መጥታ «መሬቱን አትረሱ፤ ገለባውን ማሳው ላይ ተዉት፤ አፈሩን ራቁቱን አታሳድሩት» ያለችው። አገር ሳቀ። «ለሰነፍ ጥሩ ሃይማኖት መጣለት» ተባለ። አንጓች ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ሠራተኛዋ የሰጠቻትን ወረቀት ምሽቱን ለባሏ እያነበበች፣ አንዱን ቁራሽ ማሳ ብቻ እንዲተውላት ለመነችው። መጀመሪያ አረሙ ዋጠውና ባሏ ኩርፊያ ያዘ። ኋላ ግን ዝናቡ በመካከል የተቋረጠ ዓመት የጎረቤት እህል ሲጠወልግ የእነሱ ቁራሽ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ፤ ገለባው የቀደመውን ዝናብ ይዞለት ነበር። በሬ መከራየት ቀረ፤ ደጋግሞ ማረስ ቀረ፤ የባሏ ወገብ ዳነ። መሬቱን ይበላ የነበረው ቦረቦር ሣር ለበሰ። ደፍርሶ ይወርድ የነበረው ጅረት ጠጠሩ እስኪታይ ጠራ። ወፉም ተመለሰ። ከሩቅ አገር ሰው ለጉብኝት ይመጣ ጀመር፤ የአንጓች ፎቶግራፍ ቢሮ ላይ ተሰቀለ፤ እየሳቀች፣ በእጇ ትል የሞላው ጥቁር አፈር ይዛ።

ያን ጊዜ ምክር ነበር። ኋላ ምክሩ መመሪያ ሆነ፤ መመሪያው ሕግ ሆነ። ባሕር ማዶ ያልተነካ አፈር የሚገዙ ሰዎች ተገኙ፤ አፈሩን ግን አይወስዱትም፤ ሳይነካ የኖረበትን ዕድሜ ነው የሚገዙት። ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ የቤቱ ጣራ ሳይቀር ከዚያ ዕድሜ ነው የመጣው። ዕድሜው የሜዳው ሰው ሁሉ የጋራ ነው። አንድ ቦታ ላይ አፈር ከተከፈተ የሁሉም ዕድሜ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የከፈተው እጅ ተለይቶ ከታወቀና ባለቤቱ ከአፈሩ ከተነሣ ብቻ ሜዳው ይማራል። እንዲህ ያለውን ሰው «ተነሺ» ይሉታል። ተነሺ አይራብም፣ አይጠማም፤ ከተማ ፎቅ ላይ ቤት ይሰጠዋል። እግሩ ብቻ መሬት አይነካም።

ከመጋረጃው ጀርባ ምንታምር ተጣራች። «እምዬ፣ የልጄን እትብት አይተሽዋል? መስኮቱ ላይ በጥጥ ጠቅልዬ ነበር።»

«ጥጥ መስሎኝ ጥዬው እንዳይሆን» አለች አንጓች፤ ማማሰያዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ውይ እምዬ! ሣጥኑን እንኳ አዘጋጅቼለት!»

ሣጥኑን ክሊኒኩ ነው የሚሰጠው፤ ክዳኑ ላይ ቢራቢሮ ተሥሎበታል። አሁን እትብት የሚቀመጠው እሱ ውስጥ ነው። አንጓች ያንን ቢራቢሮ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። የሰው እትብት አፈር ይገባል እንጂ ሣጥን ይገባል እንዴ? ይህች ልጅ ነገ አድጋ አገሬ የምትለው ምኑን ነው? ሣጥኑን? የአንጓች የራሷ እትብት ከዚሁ ቤት ጓሮ ነው፤ ይኸው አልተነቃነቀችም። ልጇ ሙላት ግን ወሩ ሳይገባ ከተማ ተወልዶ፣ በመስታወት ውስጥ ሰንብቶ፣ እትብቱ እዚያው ወድቆ ከቆሻሻ ጋር ተጠረገ። ሙላት አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ሳያውቅ አደገ። ዛሬ አንድ ከተማ፣ ነገ ሌላ፤ ምንታምርን በሕፃንነቷ እናቱ እጅ ላይ ጥሎ ሄደ፤ አባቱ ሲሞት እንኳ አልመጣም። አንጓች በልጇ አልፈረደችበትም። የፈረደችው በጠራጊዋ ላይ ነው።

ስለዚህ ትናንት ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ልየው ስብሰባ ሄዶ፣ ምንታምር ከሕፃኗ ጋር እንቅልፍ ወስዷት ሳለ፣ ጥጡንና አንድ ማንኪያ ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። ቦታውን አስባበታለች። ከጣራው ሥር፣ ግድግዳውን ታክኮ ያለው መሬት የቤቱ ነው እንጂ የማሳው አይደለም፤ ሁሌም እንዲሁ ነበር። ድንበሩ ግድግዳው ድረስ መጠጋቱ ባለፈው ክረምት ተነግሯል፤ ግን የተነገረው ከግድግዳው ነው፤ አንጓች ደግሞ ያ ድምፅ ነገር ሲያረዝም ዝቅ ታደርገዋለች።

ማንኪያውን ሰካች። የአፈሩ ውስጥ ሽታ ወጣ። ያንን ሽታ ካሸተተች ስንት ዘመኗ! ባሏ ከእርሻ ሲገባ ልብሱ ላይ የነበረ ሽታ ነው። እንባዋ ቀደማት። ያችን የደረቀች ቁራጭ አኖረቻት፤ አፈሩን መለሰች፤ ከዚያ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ ሕፃን ሲያስተኙ እንደሚያደርጉት።

እንግዳዋ የመጣችው ረፋዱ ላይ ነው። በሳንቃው ላይ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ግራጫ ልብስ የለበሰች ወጣት ናት። ኤፍራታ እባላለሁ፣ የአፈር አዳማጭ ነኝ አለች። አዳማጭ ያለ ነገር ሰው ቤት አይመጣም። መጋረጃውን አየት አድርጋ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

«እንኳን አብሮ ማረን» አለች ምንታምር ከውስጥ።

«አፈር እንዴት አደረ?» አለ ልየው እንደ ወጉ፤ ወንበር አቀረበላት።

«የመጣሁት ለሱ ነው» አለች ሳትቀመጥ። «ከቤታችሁ ኋላ፣ ከጣራው ጠብታ ሥር ተከፍቷል። ትናንት፣ ጀምበር ስትጠልቅ።»

አንጓች እጆቿን ነጠላዋ ሥር ከተተች።

«ፍልፈል ነው» አለ ልየው ወዲያው። «ሰሞኑን አንድ ደንባራ ፍልፈል አለብን። ሕግ የሚባል አያውቅም።»

«ፍልፈል ሕግ የለበትም። ፍልፈል ቢሆን እኔም አልመጣም ነበር።» ኤፍራታ ፈገግ አላለችም። «ፍልፈል አፈሩን ወደ ላይ ገፍቶት ይሄዳል። ይኸኛው ቆፈረ፣ መልሶ ደፈነ፣ ከዚያ ደግሞ መታ መታ አደረገው። እንደ ልጅ አስተኛው። ፍልፈል አፈር አያስተኛም።»

ልየው ቀስ ብሎ ወደ አንጓች ዞረ። ፊቷን አየ፤ የተሰወሩ እጆቿን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«የኔ እጅ ነው» አለች አንጓች። ሌሊቱን ሙሉ የፈራችው ቃል እንደ ቀላል ነገር ከአፏ ወጣ። «ልጆቹ አያውቁም። እኔን አንሺኝ።»

«እማማ፣ የእርስዎ እጅ አይቆጠርም።»

«እንዴት አይቆጠርም? ይኸው! እጅ አይደለም?» አውጥታ አሳየቻት።

«ከሥራ ዕድሜ ያለፈ ሰው ተነሺ አይሆንም። ጥፋቱ በባለይዞታው ላይ ይተላለፋል። ይዞታው በማን ስም ነው?»

አንጓች እጆቿን ወደ ነጠላዋ ሥር መለሰች። ይዞታውን በምንታምር ሠርግ ማግሥት በእሷው ስም ያዞረችው ራሷ ናት፤ ልጅቷን ከዚህ ቤት ማንም እንዳይነቀንቃት ብላ።

«በሚስቴ ስም ነው» አለ ልየው።

«እንግዲያው የምትነሣው እሷ ናት፤ የምታጠባት ልጅም ከእናቷ ጋር ትሄዳለች። ባለይዞታ ሲነሣ ይዞታውም አብሮ ይሄዳል፤ መመለስ የለም።» ኤፍራታ ይህን ስትናገር የአየር ጠባይ የምትናገር ነበር የምትመስለው። «እጁ የሌላ የቤት ሰው ከሆነ ግን፣ ለመጀመሪያ ጥፋት፣ የሚነሣው ለጊዜው ነው። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ስትገባ ይመለሳል። ጆሮዎቹ የማን እጅ እንደሆነ አይለዩም፤ የሰው መሆኑን ነው። ስም የምትሰጡኝ እናንተ ናችሁ። ካልሰጣችሁኝ የሜዳው ዕድሜ ዛሬ ከዜሮ ይጀምራል። ጎረቤቶቻችሁን ደግሞ እናንተ ታውቋቸዋላችሁ።»

«ቆይ፣ ይቆፈርና ይታይ» አለች አንጓች። «ምን እንደሆነ ብታዪው እኮ...»

«መቆፈር ሁለተኛ ጥፋት ነው፣ እማማ።»

ልየው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«እሳቸውን ተያቸው» አለ ቀና ሳይል። «ሊሸፍኑልኝ ነው። እኔ ነኝ።»

«ምን ስታደርግ?»

«ትል ሳወጣ። ለዓሣ።»

አዳማጯ ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጠች። በዱሮ ጊዜ የበግ ሌባ ይዞት የነበረውን ክፉ ስም ዛሬ በሰንበሌጥ ሜዳ የያዘው የትል ሌባ ነው። ባለ መርፌው ልየው!

«በምን ቆፈርክ?»

«በማንኪያ።»

«ከዚያ መታ መታ ያደረግከው ለምንድን ነው?»

ልየው ትንሽ አሰበ። «አሳዘነኝ» አለ።

ኤፍራታ ትኩር ብላ አየችው። ያመነችው አትመስልም፤ ማመን ግን ሥራዋ አልነበረም። «ያየ አዋቂ የቤት ሰው ያስፈልገኛል። እማማ፣ አይተውታል?»

«እጅሽ አይቆጠርም ብለሽኝ፣ ዓይኔ ይቆጠራል?»

«ዓይን ይቆጠራል።»

አንጓች በሕይወቷ በሐሰት መስክራ አታውቅም። አላየሁም ብትል ምንታምርና ሕፃኗ አሁኑኑ ከዚህ ቤት ይወጣሉ፤ ላይመለሱ። ከመጋረጃው ኋላ ሕፃኗ ስትጠባ ይሰማል። ልየው ዓይኑን አንጓች ላይ ተክሎ በጣም በትንሹ፣ ለሌላ ሰው በማይታይ መጠን፣ ራሱን ነቀነቀ። አየሁት ይበሉ እንደማለት ነው። ቢከብድም ያልፋል፤ ልጅቷ ታድግና እመለሳለሁ እንደማለት ነው።

«አየሁት» አለች አንጓች። «ትል ሲያወጣ አየሁት።»

ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ነገር ግን አዳማጯ አሁንም ልየውን እያየች ነው፤ ጥርጣሬው ከፊቷ አልወረደም። ባታምነኝስ? ሐሰት ነው ብላ ወደ ምንታምር ብትዞርስ? አንጓች ሁሌም እንዲህ ናት፤ በር ዘግታ መዝጋቷን ተመልሳ ታያለች፤ እሳት አጥፍታ አመዱን በእጇ ትዳስሳለች። ነገሩ ይጠብቅ ብላ ጨመረችበት።

«ኧረ ከዚህ በፊትም አይቼዋለሁ! ልማዱ ነው።»

ልየው ዓይኑን ጨፈነ።

«ከዚህ በፊትም?» አለች ኤፍራታ።

«አዎ... ማለቴ...»

«የተደጋገመ ጥፋት ከሆነ መመለሻ የለውም፣ እማማ። ጠያቂም እዚያው ሄዶ ይጠይቀዋል እንጂ እሱ ወደዚህ አይመጣም።»

«አይ፣ አይ፣ ተሳስቼ ነው! አንድ ጊዜ ነው ያየሁት! እርጅና እኮ ነው፣ ልጄ፣ የምናገረውን መች አውቀዋለሁ!»

«ዓይን የሚቆጠረው አንድ ጊዜ ነው» አለች አዳማጯ። ከዚያ፣ የሚያጽናና ነገር ያገኘች መስሏት፣ «ሜዳው ተምሯል» አለች።

ወዲያው ከግድግዳው ውስጥ ያ ለስላሳ ድምፅ መጣ። «ሰንበሌጥ ሜዳዎች፣ አፈራችሁ ደህና አድሯል።» ከማዶ ከጎረቤት ቤት የእፎይታ ጭብጨባ ተሰማ።

ልየው ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባ። ምን እንደተባባሉ አንጓች አልሰማችም፤ አንድ ጊዜ ለመሳቅ የሞከረ ድምፅ ሰማች፣ እሱም መሐል ላይ ተሰበረ። ሲወጣ ሰፊውን ጫማውን በእጁ አንጠልጥሏል። ከግድግዳው አጠገብ አቁሞት አዳማጯ ያመጣችለትን የከተማ ጫማ አደረገ።

«እምዬ፣ ሕፃኗን ብርድ እንዳይመታት» አለ። ተቆጥቷት ቢሆን ይሻላት ነበር። ሁለቱ በሳንቃው ላይ ፊትና ኋላ ሆነው መንገድ ላይ ወደ ቆመው የአዳማጯ መኪና ወረዱ።

አንጓች አጥሚቱን ቀድታ ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባች።

«ጠጪ፣ ሳይቀዘቅዝ። ወተትሽ ይደርቃል። ምን ላድርግ፣ ንገሪኛ! አንቺን ሊወስዱሽ እኮ ነው። ለልጅሽ ብዬ ነው፤ እንደ አባትሽ እንዳትባክንብሽ ብዬ። ያችኛዋን ቃል የጨመርኩት እንድታምነኝ ነው... ምንታምር? ስሚኝ እንጂ።»

ምንታምር ሰምታለች። ሁሉንም ሰምታለች። ከአልጋው ወርዳ፣ አንድ እጇን ለግድግዳው አስደግፋ፣ ቀሚሷን ትለብስ ነበር። ሕፃኗን ጠቀለለቻት።

«የት ልትሄጂ ነው? አራስ ነሽ! ልጅሽ ክርስትና ሳትነሣ? ነፋስ ይመታሻል፤ ልጅቷንም ይመታታል። እሺ አንቺ ከወጣሽ ይህ ቤት የማን ነው? ባለይዞታዋ አንቺ ነሽ። አፈሩ የማን ነው? እኔ ብቻዬን ምን እሆናለሁ?» አንጓች ጽዋውን እንደያዘች በሩ ላይ ተገተረች። አጥሚቱ እጇ ላይ ፈሰሰ፤ አልተሰማትም። «ስደቢኝ እሺ። ስደቢኝና ቅሪ።»

ምንታምር ትከሻዋን ይዛ፣ ሳትገፋት፣ መንገድ ላይ የቆመ ዕቃ እንደሚያነሡት ወደ ጎን አደረገቻት። ከታች መኪናው ገና አልተንቀሳቀሰም። ሕፃኗን በጋቢ ሸፍና ደፉን ተሻገረች፤ ወደ ኋላ ሳታይ በሳንቃው ላይ ወደ መኪናው ወረደች።